«ኑሮው ስፖርት ነው» ላሉኝ ወዳጆቼ

ጥር 22 ቀን 2012 ዓ.ም. አመሻሹ ላይ እንጅባራ ደረስን። ጎሕ ሳይቀድ ከአዲስ አበባ ተነሥተን፣ የዐባይን በረሃ ወርደን ወጥተን፣ ደብረ ማርቆስንና ቡሬን አልፈን፣ የቀድሞ ሰዎች ኮሶበር በሚሏት በዚህች ደገኛ ከተማ ስንወርድ ብርዱ ዕዳ ያለብን ይመስል ደጅ ላይ ቆሞ ጠበቀን። አራት ነበርን። ሦስቱ የመጡት በማግስቱ የሚከበረውን የፈረሰኞች በዓል ለማየት፣ ፎቶግራፍ ለማንሣትና እግዚአብሔር ከፈቀደም ስለ እርሱ ለመጻፍ ነበር። እኔም የመጣሁት ለዚሁ ነው፤ ይሁንና ቀኑን ሙሉ መኪና ውስጥ ታጥፎ የዋለው ወገቤ ሌላ ጉዳይ ነበረው። ሻንጣዬን እንዳስቀመጥሁ የሆቴሉን ዘበኛ «አባቴ፣ እዚህ አቅራቢያ ጂም ይኖራል?» ስል ጠየቅኋቸው።

«ብረት የሚያነሡበት ነው? አለ እንጂ! ልጆቹ ማታ ማታ ይሰበሰቡበታል» አሉና በበትራቸው አቅጣጫውን አመለከቱኝ።

ከጓደኞቼ አንዱ፣ ብዙ ያነበበና ደኅና አድርጎ የሚጽፍ ሰው፣ ከት ብሎ ሳቀ። «አንተ ሰው፣ ገበሬ አገር መጥተህ ጂም ትፈልጋለህ? እዚህ ለማን ብለው ይከፍቱታል? የዚህ ሰው ኑሮው ራሱ ስፖርት ነው!» አለኝ። ሌላው ተቀበለና መንገድ ላይ ያየናትን፣ እንጨት ተሸክማ ዳገት የምትወጣ ሴት አነሣ። «ያችን ሴት አላየሃትም? እንዲህ ያለ ጥንካሬ የትኛው ጂም ይሰጣል?» አለ። ሴትዮዋ ጎብጣ ነበር። ከሸክሟ የተነሣ ፊቷን እንኳ አላየነውም።

ያን ማታ መልስ አልሰጠሁም። ጫማዬን ቀይሬ ወጣሁ። እነሆ ዓመታት ዘግይቼም ቢሆን መልሴን እጽፋለሁ፤ ምክንያቱም ይህችን «ኑሮው ስፖርት ነው» የምትል ቃል ከዚያ ወዲህ ከብዙ አፍ፣ በተለይም ከእኛ ከብዕር ሰዎች አፍ፣ ደጋግሜ ሰምቻታለሁ። ምስጋና ትመስላለች። እኔ ግን ስድብ ናት እላለሁ።

መጀመሪያ ስለ ቤቲቱ ልናገር። ግድግዳዋ ጭቃ፣ ክዳኗ ቆርቆሮ፣ መብራቷ አንድ አምፖል ነው። ዘንጉ ከውኃ ቧንቧ የተቆረጠ ሲሆን በሁለቱ ጫፎቹ ላይ በወተት ጣሳ ውስጥ ፈስሶ የደረቀ ሲሚንቶ ተሰክቷል። ከባድ ለሚፈልግ ከጋራዥ የተለቀመ የመኪና ማርሽ ጥርስና ያረጀ ፍሬን ዲስክ አለ። መጋደሚያው ባሕር ዛፍ ነው፤ ስፖንጅ ተደርጎበት ማዳበሪያ ጆንያ ተሰፍቶበታል። በሲሚንቶ ብረት ያነሣ ሰው የሚያውቀው አንድ ነገር አለ፦ ሁለቱ ጣሳዎች እኩል ሆነው አያውቁም። የዚያች ቤት ዘንግ ወደ ቀኝ ያደላ ነበር፤ ልጆቹ ይህን ስለሚያውቁ በየዙሩ ዘንጉን ያዟዙሩታል፣ ጉድለቱ በአንድ ክንድ ላይ ብቻ እንዳይወድቅ። ባለብዙ ኮከብ ሆቴል ውስጥ፣ በመስተዋት ፊት፣ እንዲህ ያለ ጥንቃቄ አይቼ አላውቅም። (እዚያ ጥንቃቄው ለፎቶው ነው።)

በጉዞ ላይ የማላውቀውን ጂም መፈለግ የቆየ ልማዴ ነው። በአንድ ከተማ ለማደር የሄደ ሰው ከተማውን የሚያየው በምግብ ቤቱና በቡና ቤቱ በኩል ነው፤ በሁለቱም ቤት ደንበኛ ነውና ይጎነበሱለታል። ጂም ውስጥ ግን ማንም አይጎነበስለትም። ተራውን ይጠብቃል፣ ያነሣውን ወደ ቦታው ይመልሳል፣ አቅሙ ስንት እንደ ሆነ በሰው ፊት ይታወቃል። እኔም በዚያች ማታ በመጽሐፍ ያነበብሁትን ይዤ አንዱን ወጣት «ጀርባህን እንዲህ አድርግ» ብዬ አረምሁት። በትሕትና «እሺ ጋሼ» አለኝ፤ ሁለት ጊዜ እንዳልሁት አነሣ፤ ሦስተኛውን እንደ ራሱ አደረገው። ትክክሉ እርሱ ነበር፤ መጋደሚያው አጭር ስለ ሆነ እኔ ባልሁት መንገድ ጭንቅላቱ ወለል ይነካ ነበር።

ከልጆቹ አንዱ ከሰል ጫኝ ነው። የአዊን ምድር ያየ ሰው የፋግታ ለኮማንና የባንጃን ኮረብታዎች የሸፈነውን ዲከረንስ የሚባል ዛፍ ያውቀዋል። ገበሬው ችግኙን ከእህል ጋር ይተክላል፤ ዛፉ አራትና አምስት ዓመት ሲሞላው ቆርጦ ከሰል ያከስለዋል፤ መሬቱም ተመልሶ ይታረሳል። ከሰሉ በማዳበሪያ እየተሞላ በአይሱዙ ወደ ሩቅ ከተሞች ይሄዳል። ይህ ልጅ ማዳበሪያውን ከመሬት ወደ መኪናው ጫፍ ሲያወጣ ይውላል።

«ቀኑን ሙሉ ስትጭን ውለህ ደግሞ ብረት? አይደክምህም?» አልሁት። ጥያቄዬ፣ አሁን ሳስበው፣ ከጓደኛዬ ሳቅ የራቀ አልነበረም።

«ያ ሥራ ነው ጋሼ። ይኼ የራሴ ነው» አለኝ። ቀጥሎም ቀኝ ትከሻውን በግራ እጁ ያዘ። «ከሰል በአንድ ወገን ነው የሚኬደው፤ ሁልጊዜ በዚህ። ይኼን ያዩታል? ወርዷል። እሱን ላቃና ብዬ ነው የምመጣ።»

አየሁት፤ እውነትም ወርዷል።

«ኑሮው ስፖርት ነው» የሚል ሰው የዚህን ልጅ ሁለት ትከሻዎች ለይቶ አላያቸውም። ለእርሱ ላብ ሁሉ አንድ ነው። ነገር ግን ላብ ሁሉ አንድ አለመሆኑን ያ ሰው ራሱ የሚሮጥበት መኪና፣ እንግሊዞች ትሬድሚል የሚሉት፣ ይመሰክርበታል። የዚህ ስም የመጀመሪያ ባለቤት የወህኒ ቤት መቅጫ ነበር። ዊልያም ኪዩቢት የተባለው እንግሊዛዊ መሐንዲስ በ1818 እ.ኤ.አ. እስረኞች የሚቀጡበት ረጅም መንኰራኵር ሠራ፤ ደረጃ አለው፤ እስረኛው ይረግጠዋል፤ መንኰራኵሩ ይዞራል፤ እስረኛው ሲወጣ ይውላል፤ የትም አይደርስም። አንዳንዱ መንኰራኵር እህል ይፈጫል፣ አንዳንዱ አየር ብቻ። ባለቅኔውና ተውኔት ጸሐፊው ኦስካር ዋይልድ በ1895 እ.ኤ.አ. ከከባድ ሥራ ጋር ሁለት ዓመት ሲፈረድበት ይህን መንኰራኵር ረግጧል። በ1898 እ.ኤ.አ. የወጣው የወህኒ ቤቶች ሕግ ቅጣቱን አስቀረው። ዛሬ በስሙ የተጠራው መኪና በየሆቴሉ ምድር ቤት ተተክሎ ገንዘብ ይከፈልበታል። እስረኛውና የሆቴሉ እንግዳ የሚያነሡት እግር አንድ ዓይነት ነው፤ የሚያልባቸውም ላብ አንድ ዓይነት ነው። እንግዳው ግን ሲሰለቸው ቁልፏን ተጭኖ ይወርዳል። ስፖርት ማለት ሰው ባሰኘው ጊዜ ሊያቆመው የሚችለው ድካም ነው። ከሰል ጫኙ አይሱዙው ሳይሞላ ማቆም አይችልም፤ ያች ሴትም ዳገቱ መካከል ላይ «ለዛሬ ይበቃኛል» ብላ ሸክሟን አትጥለውም።

ለክርክሬ እንዲመቸኝ ብዬ የተቃራኒዬን ማስረጃ አልደብቅም። በ1953 እ.ኤ.አ. ጄሬሚ ሞሪስ የተባለው ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር የለንደንን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ሠራተኞች አጥንቶ፣ ቀኑን ሙሉ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ የሚውሉት ትኬት ቆራጮች ተቀምጠው ከሚውሉት ሾፌሮች ይልቅ በልብ ሕመም የሚያዙት በጥቂቱ መሆኑን አሳይቷል። ይህ እውነት ነው፤ «ሥራ ስፖርት ነው» ለሚለውም ደኅና ምርኩዝ ነው። ነገር ግን ትኬት መቁረጥ ከሰል መጫን አይደለም። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ ጥናት 17 ጥናቶችን፣ 193,696 ሰዎችን አንድ ላይ ቢመለከት፣ በሥራቸው ጉልበታቸውን አብዝተው የሚያፈሱ ወንዶች ቀላል ሥራ ከሚሠሩት ይልቅ ያለ ዕድሜ የመሞት ዕጣቸው በ18 ከመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። በሴቶች ላይ ይህ ልዩነት አልታየም፤ የታየውን ብቻ እናገራለሁ። ተመራማሪዎቹ ምክንያት ነው ብለው ከሚያነሷቸው መካከል የከባድ ሥራ ሰዓቱ መርዘሙ፣ ዕረፍት ማጣቱ፣ የደም ግፊትን ቀኑን ሙሉ ከፍ አድርጎ ማዋሉና የሥራው ፍጥነት በሠራተኛው እጅ አለመሆኑ ይገኛሉ። የእንጅባራው ልጅ ይህን ሁሉ «ያ ሥራ ነው፤ ይኼ የራሴ ነው» ብሎ ጨርሶታል።

ነገሩ አዲስም አይደለም። ጂምናዚየም የግሪኮች ቃል ነው፤ የፕላቶን አካዳሚያና የአርስጣጣሊስ ሊቅዮን ፍልስፍና ከመማሪያነታቸው በፊት ሰውነት ማሠልጠኛ ነበሩ፤ አስተማሪዎቹ የገቡት አካልን ወደሚያሠለጥኑ ወጣቶች ነው። በሶሎን ስም የሚጠራ የአቴናውያን ሕግ ደግሞ ባሪያ በማሠልጠኛው ሰውነቱን እንዳያሠለጥን ይከለክል ነበር። ባሪያው ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ይፈልጣል፣ ውኃ ይቀዳል፤ ክንዱ ከጌታው ክንድ ይደነድናል። ሆኖም በራሱ ፈቃድ ሰውነቱን የሚያንቀሳቅስበት ስፍራ ተነፈገው። የአቴና ጌቶች ሥራንና ስፖርትን ደኅና አድርገው ለይተው ያውቁ ነበር ማለት ነው። «የባሪያው ኑሮ ራሱ ስፖርት ነው» እያሉ የሚጽናኑ ሰዎች እነርሱም መካከል የነበሩ ይመስለኛል፤ እንዲህ ያለ ቃል ለሚያይ እንጂ ለሚሸከም አይጠቅምምና።

በማግስቱ ጥር 23 ቀን፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት፣ ከጓደኞቼ ጋር ወደ ሜዳው ወጣሁ። የሰባት ቤት አገው የፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው፤ ከ50 ሺህ በላይ አባላት አሉት፤ በዐድዋ የዘመቱትን ፈረሶችና አርበኞች ያስባል፤ አባል ሲሞት ይቀብራል፣ የተጣላ ያስታርቃል። ሜዳው በፈረስ ተሞልቶ ምድሩ ሲንቀጠቀጥ፣ ኮርቻውና ግላሱ በፀሐይ ሲያበራ፣ ወዳጆቼ በደስታ ሰክረው ነበር፤ እኔም አልቀረሁም። ጓደኛዬ ካሜራውን አውርዶ «ይኼ ነው እንጂ! ይኼን ትተህ ሲሚንቶ ታነሣለህ?» አለኝ።

መልሱ ዐይኑ ፊት ሲጋልብ ነበር። የአዊ ፈረስ ዓመቱን ሙሉ ሥራ ላይ ነው። ሰው ይጭናል፣ ጋሪ ይጎትታል፣ በሌላው አገር በሬ የሚጠመድበትን ቀንበር ተሸክሞ እርሻ ያርሳል። እንግዲያው የጓደኛዬ ሕግ እውነት ከሆነ፣ የዚህ ፈረስ ኑሮው ራሱ ግልቢያ ነው፤ ጥር 23 ምን ያደርግለታል? የአዊ ገበሬ ግን እንዲህ አላለም። ከቀንበር የፈታውን ፈረስ አጥቦ፣ አጊጦ፣ ኮርቻ ጭኖ፣ ለምንም ትርፍ ሳይሆን ለመጋለብ ብቻ ወደ ሜዳ አወጣው። ራሱም ከማረሻው ተለይቶ ጉግስ ሊገጥም ወጣ። ሥራና ጨዋታ ሁለት መሆናቸውን ከማንም በፊት የሚያውቀው እርሱ ነው። ከሰል ጫኙ ልጅም በጭቃው ቤት ማታ ማታ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ፈረስ የለውም፤ ስለዚህ ራሱን ከቀንበር ፈትቶ ራሱን ይጋልባል። ጓደኛዬ የአንደኛውን ፎቶ ሲያነሣ በሌላኛው ሳቀ። የአገሬው ሰው አካል የሚያምረው በኮርቻ ላይ ወይም በሸክም ሥር ሲሆን ብቻ ነው? ቱታ ለብሶ፣ እጁ ላይ ጨርቅ ጠምጥሞ፣ ለራሱ ሲል ሲያልበው ለምን ያስቀናል?

ይህ የአንድ ጓደኛዬ ኃጢአት ብቻ ቢሆን ባልጻፍሁ። እኛ የምንጽፍ ሰዎች የሌላውን ሸክም ማስጌጥ ለምደናል፤ እንስራ የተሸከመች ወገብ፣ ሞፈር የጨበጠ ክንድ ስንል ምንጩ ስንት ሰዓት መንገድ እንደሆነ አንጠይቅም። በሦስተኛው ቀን በአዲስ ቅዳም በኩል አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ወደ ዳንግላ ስንወርድ ሮበርት ቺዝማንን አሰብሁት። ይህ እንግሊዛዊ ከ1925 እስከ 1934 እ.ኤ.አ. መቀመጫውን በዳንግላ ያደረገ ቆንስል ነበር፤ ጣናንና ዐባይን ዞሮ ካርታቸውን አነሣ፤ በ1936 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አሳተመ። ጉዞው ጀብዱ ተባለ፤ ይገባዋልም። ጭነቱን እየነዱ አብረውት የወረዱትና የወጡት አገልጋዮችና ባለ በቅሎዎች ያንኑ ገደል ረግጠዋል። የእነርሱን ጀብዱ ያለው የለም፤ ሥራቸው ነበራ።

ዳንግላ ከእንጅባራ ሞቅ ትላለች። በነጋታው ገና ዐሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ የከተማዋን ጂም አገኘሁ፤ በሩ ግን ገርበብ ብሎ ነበር። ባለቤቱ ደጃፉ ላይ በርጩማ አቅርበው «ትንሽ ይታገሡ ወንድሜ፤ ልጆቹ ይውጡ» አሉኝ። ተቀመጥሁ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሦስት ወጣት ሴቶች ከቱታቸው ላይ ነጠላ ደርበው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ መስለው ወጡ። ባለቤቱ ሲነግሩኝ፣ ወንዶቹ ሳይመጡ እንዲገቡ በሩን ግማሽ ሰዓት ቀድመው የሚከፍቱላቸው እርሳቸው ናቸው። ከመካከላቸው አንደኛዋ አስተማሪ ናት፤ መጀመሪያ በአስፋልቱ ዳር መሮጥ ሞክራ ነበር፤ የሰው ዐይንና አፍ አላስቆም ሲላት ተወችው።

ወዳጆቼ፣ ስለ ዳገቷ ሴት የምትሉትን እስቲ እዚህ በሉት። አስተማሪዋ በዚያው አስፋልት እንጨት ተሸክማ ብታልፍ ማንም ዞር ብሎ አያያትም። ባዶ እጇን ብትሮጥ ከተማው ሁሉ ያያታል። ሸክም ለሴት ልጅ የይለፍ ወረቀት ሆኗል፤ ድካሟ የሚፈቀድላት ለሌላ ሲሆን ብቻ ነው። «ኑሮው ስፖርት ነው» የምትለዋ ቃላችሁ ያን ገርበብ ያለ በር ጠርቅማ ትዘጋዋለች። ከንቲባውም ሰምቷት ለሜዳ የታሰበውን ቦታ ለሱቅ ይሰጥባታል፤ አባትም ሰምቷት ልጁን «ጉልበት ከተረፈህ እንጨት ፍለጥ» ይልባታል። ይህ አባት የእኔም አባት ነበርና ነገሩን በሩቁ አልናገረውም።

ለእኔ ቢጤ መንገደኞችም አንድ ቃል አለኝ። ሆቴል ስንይዝ «ጂም አላችሁ?» እንላለን፤ «የለንም» ሲሉን «አገሩ ገና ነው» ብለን እንተኛለን፤ አንድ መቶ ሜትር ርቆ በጭቃ ቤት ውስጥ ሰው ብረት ሲያነሣ ድምፁ እየተሰማን። የቀን ዋጋውን ከፍሎ መግባት፣ ፎቶግራፍ ያለ ፈቃድ አለማንሣት፣ ሳይጠየቁ አለማስተማር (ይህን በራሴ ላይ ተምሬዋለሁ)፣ ከዚህ ሌላ ትእዛዝ የለውም።

ዳንግላ ሁለት ቀን ሰነበትሁ። በጂሙ ቆርቆሮ ግድግዳ ላይ ልጆቹ ስማቸውንና ያነሡትን ኪሎ በጠመኔ ጽፈዋል፤ ሲበልጡት ያጠፉና ይጽፋሉ። በመጨረሻው ማታ ዐርባ ኪሎውን ተጋድሜ ለመግፋት ብሞክር መንገድ ላይ ቀረብኝ፤ አንዱ ባጃጅ ነጂ ዘንጉን ደግፎ መለሰልኝ። ሠላሳ አምስቱን አነሣሁ። ልብሴን ቀይሬ ስመለስ ከዝርዝሩ ግርጌ «እንግዳ፣ 40» ተብሎ ተጽፏል።

«ኧረ ሠላሳ አምስት ነው፤ አጥፉት» አልኋቸው።

«ይቆይ ግድ የለም ጋሼ» አለ ባጃጅ ነጂው፤ ጠመኔውን ኪሱ ከተተው። «ይመለሱ የለ? ያን ጊዜ ያነሷታል።»

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ያ መንገድ እንደ ልብ የሚኬድበት አልሆነምና አልተመለስሁም። ዐርባዋን ግን እዚህ አዲስ አበባ፣ ሁለት ጫፏ እኩል በሆነ ዘንግ፣ እየሞከርኋት ነው።